ማስተካከያ፦ በ30 በመቶ የተወደደው ዶላር ነው፤ ብር የወረደው በ23 ነው

ስለ ምንዛሪ ለውጡ ባለፈው በጻፍኩት ላይ ስህተት አለ። «ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በአንድ ቀን 30 በመቶ ዋጋውን አጣ» ብዬ ነበር። ልክ አይደለም። ያጣው 23 በመቶ ገደማ ነው።

በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዕለታዊ ተመን መሠረት፣ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ በለቀቀበት ዕለት የዶላር መግዣ ከ57.48 ወደ 74.73 ብር ዘሏል። ዶላሩ በ30 በመቶ ተወደደ ማለት ነው። የብሩን ለማወቅ ግን ስሌቱን መገልበጥ ያስፈልጋል። ቀድሞ 1,000 ብር 17.40 ዶላር ያወጣ ነበር፤ በዚያን ቀን 13.38 ሆነ። በእኔ ስሌት ቢሆን 12.18 ላይ ይወርድ ነበር።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ከባሕር ማዶ 100 ዶላር ለሚላክላት እናት 30 በመቶው ትክክል ነው፤ 5,748 የነበረው 7,473 ብር ሆኖላታል። ባንክ ያስቀመጠውን ብር በዶላር ለሚያሰላ ሰው ግን ኪሳራውን አጋንኜበታለሁ። (የዚያን ዕለቱን ማለቴ ነው፤ ከዚያ ወዲህማ ብር ብዙ ወርዷል።)

እዚያው ላይ የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይ.ኤም.ኤፍ) 10.7 ቢሊዮን ዶላር ሰጠ ያልኩትም ይታረም። ይህ ገንዘብ፣ መንግሥት ከአይ.ኤም.ኤፍ፣ ከዓለም ባንክና ከሌሎች አበዳሪዎች በድምሩ የጠበቀው ነው። ድርጅቱ በመግለጫው እንዳስታወቀው ያጸደቀው 3.4 ቢሊዮን ነው፤ እሱም በአራት ዓመት የሚለቀቅ። ወዲያው የተለቀቀው 1 ቢሊዮን ገደማ ነው።

የቀድሞውን ጽሑፍ ያጋራችሁ ይህንንም አያይዙልኝ።