ወገኖቼ፣ በምን ነበር የሳቅነው?

ወገኖቼ፣ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ እንደገና ሲዘዋወር ያየሁት አንድ አጭር ቪዲዮ ይህን እንድጽፍ አስገድዶኛል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2002 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፎክስ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ዝነኞችን እያጋጠመ ቡጢ በሚያማታበት ዝግጅት ላይ ያስተላለፈው ግጥሚያ ነው። በአንድ ወገን ዊሊያም ፔሪ ይታያል፤ ከግዝፈቱ የተነሣ «ፍሪጅ» የሚል ቅጽል የወጣለት የቀድሞ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች። በሌላ ወገን የቆመው የደቡብ ሱዳን ተወላጁ ማኑት ቦል ነው፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ31 ሳንቲ ሜትር፣ ክንዶቹ ረጃጅምና ቀጫጭን፣ ሰውነቱ በቁርጥማት የተጎዳ፣ ቅርጫት ኳስ ካቆመ ዓመታት ያለፉት ሰው። ሦስት ዙር ተጋጠሙ። ማኑት በዳኞች ውሳኔ አሸነፈ፤ ነገር ግን ማን አሸነፈ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ግጥሚያው የተዘጋጀው ሰው እንዲስቅበት ነበርና።

ሳቁ የባዕዳን ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ዛሬ ግን ያው ቪዲዮ በእኛው ቋንቋ ቀልድ እየታከለበት፣ ስለ እግሩ ቅጥነትና ስለ ቆዳው ጥቁረት እየተፌዘበት፣ ሰውዬው ከሞተ ከዓመታት በኋላ ከእኛ እጅ ወደ እኛ እጅ ይተላለፋል። ይህን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ማኑት ወደዚያ መድረክ ለምን እንደወጣ ከእናንተ ስንቱ ያውቃል? ግጥሚያውን የተቀበለው፣ ለሱዳን ስደተኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ ያቋቋመው ሪንግ ትሩ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ስልክ ቁጥር በቴሌቪዥኑ እንዲታይ ጣቢያው ከተስማማለት በኋላ ነው። በዚያው ዓመት በበረዶ ላይ መንሸራተት ሳይችል በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ካለ አንድ የበረዶ ላይ ሆኪ ቡድን ጋር ለአንድ ቀን ፈረመ፤ ቀጥሎም በዚያው ግዛት የፈረስ እሽቅድምድም ጋላቢ ተብሎ ቀረበ። ሰዎች በቁመቱ እንደሚስቁ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ገና ዋሽንግተን ቡሌትስ ለተባለው የቅርጫት ኳስ ቡድን ሲጫወት፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 ብቻ ከሆነው የቡድን ጓደኛው ሙግሲ ቦግስ ጎን እያቆሙ ፎቶ ሲያነሡት የኖረ ሰው ነው። ሌላ የሚሸጠው ነገር ሲያልቅበት ያንኑ ሳቅ ሸጦ ለወገኖቹ እህልና መድኃኒት ሊገዛበት ወሰነ። ክብሩን ለወገኑ የሰጠ ሰው ነው ያዋረድነው!

ይህ ሰው የመድረክ ማላገጫ ሆኖ የተፈጠረ አልነበረም። በደቡብ ሱዳን ከዲንካ ከብት አርቢዎች መካከል ተወልዶ ከብት ሲጠብቅ ያደገ፣ ቅርጫት ኳስ የጀመረው ካደገ በኋላ የሆነ፣ በ1983 አሜሪካ የገባ፣ በ1985 ኤንቢኤ ወደተባለው ታላቁ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ የተቀላቀለ ተጫዋች ነው። በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ ተጋጣሚዎቹ ወደ ቅርጫቱ የወረወሯቸውን 397 ኳሶች ከአየር ላይ መለሰ። በጎልደን ስቴት፣ በፊላደልፊያና በማያሚ ቡድኖችም ተጫውቷል። በኤንቢኤ ዘመኑ ሁሉ ያስቆጠረው ነጥብ 1,599 ሲሆን ያገዳቸው ሙከራዎች ግን 2,086 ናቸው፤ ካስቆጠረው ይልቅ የከለከለው የሚበልጥ እንዲህ ያለ ተጫዋች በሊጉ ታሪክ ሌላ የለም። እኔ ይህን ቁጥር ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል፤ ከሜዳ ውጭ ያለው ሕይወቱም ሌሎች ላይ የሚመጣውን ለመመከት የዋለ ነበርና።

ያገኘው ገንዘብ የት ሄደ? ብዙው የሄደው ወደ ሱዳን ነው። አሜሪካ በገባበት በ1983 የሱዳን ጦርነት ዳግም ተቀሰቀሰ፤ የፈረሰውም እኛው ዋና ከተማ አዲስ አበባ ላይ በ1972 የተፈረመው ሰላም ነበር። ማኑት በዚያ ጦርነት ብዙ ዘመዶቹን ስላጣ ደመወዙን ለተፈናቃዮችና ለወገኖቹ ትግል አፈሰሰ። የካርቱም መንግሥት የስፖርት ሚኒስትርነት ሊሰጠው ፈቅዶ ነበር፤ እስልምናን እንዲቀበል ሲጠየቅ ግን እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ ከአገር እንዳይወጣ ታገደ፤ በየሜዳው ስሙ ሲጠራ የኖረ ሰው በካርቱም ደኸየ። ወደ ግብፅ የወጣው በ2001 ነው፤ ከወራት ጥበቃ በኋላም አሜሪካ በስደተኝነት ተቀበለችው። ያ የቡጢ ግጥሚያ የመጣው ከዚህ ሁሉ መከራ በኋላ ነው። በ2004 ደግሞ የተሳፈረበት ታክሲ ተገልብጦ አንገቱ ተሰበረ። ከዚያም ተነሥቶ ለትውልድ አካባቢው ትምህርት ቤት ሊሠራ ወደ ደቡብ ሱዳን ተመለሰ። በዚያው ሳለ ታሞ በሰኔ 2010 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ቻርሎትስቪል ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል አረፈ፤ አገሩ ነጻ የወጣችው በዓመቱ በሐምሌ 2011 ነው። አላያትም።

ወገኖቼ፣ ቁጣዬ ከዚህ በኋላ ወደ ራሳችን ይዞራል። በአንድ የሞተ ሰው ቪዲዮ መሳቃችን ብቻውን የመጣ ነገር አይደለም። ከጋምቤላ የመጣ ኑዌር ወይም አኙዋክ ወጣት በገዛ አገሩ መንገድ ላይ «ከየት አገር ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሰማን ሁላችን፣ ሰምተንም ዝም ያልን ሁላችን፣ የዚያ ሳቅ ባለቤቶች ነን። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ለዓመታት በአገራችን ሲኖሩ ስለ እነሱ ለልጆቻችን የነገርናቸው ምንድን ነው? ቁመትና ጥቁረት በእኛ ዓይን መቼ ጥፋት ሆነ? ለነጮች ንቀት ስንቆጣ ድምፃችን እስከ ሰማይ ይሰማል፤ ያንኑ ንቀት ወደ ጎረቤታችን ስናዞረው ግን «ቀልድ ነው» እንላለን። ቀልድ አይደለም። አሜሪካኖቹ በማኑት ሲስቁ ቢያንስ ስልክ ቁጥሩን አይተው የደወሉ ይኖሩ ይሆናል፤ እኛ ምን አደረግን?

እንዲያው ተስፋ ቆርጬ ዝም ልል ስል አንድ ነገር ያቆመኛል። በሐምሌ 2024 የደቡብ ሱዳን የቅርጫት ኳስ ቡድን ለንደን ላይ ከአሜሪካ ጋር ተጋጥሞ 101 ለ100 ተሸነፈ፤ ዓለም ሁሉ በግርምት ቆሞ አየው። ከቀናት በኋላም በፓሪስ ኦሊምፒክ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 አሸነፈ። ያንን ቡድን የሚመራው ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሉዎል ዴንግ ነበር፤ በልጅነቱ በግብፅ ስደተኛ ሳለ ማኑት ለታላቅ ወንድሙ ቅርጫት ኳስ አስተምሮ ለእሱም መካሪ የሆነለት ሉዎል ዴንግ። ማኑት ከገንዘብ ሌላም ለወገኖቹ የሚሰጠው ነገር አላጣም ማለት ነው።

በዚያ ሰሞን ብዙዎቻችሁ ስለ እነዚያ ረጃጅም ልጆች «ጎረቤቶቻችን፣ ወንድሞቻችን» እያላችሁ በደስታ ስትናገሩ ሰምቻለሁ። ያሸነፈውን ሰው ወንድም ማለት እንደሚቀል አውቃለሁ፤ ነገ አንዱ ቢሸነፍ፣ ቢደኸይና ለወገኑ ሲል መሳለቂያ ለመሆን ቢገደድ ምን እንደምንለው ስለማውቅም ደስታችሁን ሙሉ በሙሉ ማመን ይከብደኛል። ቢሆንም በዚያ ሰሞን ከአፋችሁ የወጣውን ቃል ይዤ እለምናችኋለሁ፦ ለተሸነፈውም፣ በየመንገዳችን ለሚያልፈው የጋምቤላ ልጅም፣ በመጠለያ ለሚኖረው ስደተኛም ያንኑ ቃል ስጡት። ሌላ የምይዘው የለኝም።