ጀግናችንን ሦስተኛ ፎቅ አወጣነው

እንደኛ ማድነቅ የሚችል ሕዝብ የት ይገኛል! ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አካባቢ የአካል ጉዳተኛ ፈጣሪዎች ሽልማት ምናምን ተጠርቼ ሄድኩ፣ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ። ሊፍቱ? እሱን ተዉት፣ በሩ ላይ ወንበር ተደርድሮበታል።

ተሸላሚው ልጅ ከሶማሌ ተራ ዕቃ ለቃቅሞ ዊልቸሩ ላይ ሞተር የገጠመ ነው። የቸርችልን ዳገት ማንም ሳይገፋው ወጥቶ መጣ፣ ደረጃው ሥር ሲደርስ ግን ክብሩ ተጀመረ። አራት ጎረምሶች ከነባትሪው ተሸከሙት፣ ባትሪው ደግሞ የወፍጮ ድንጋይ ነው፣ አንደኛ ፎቅ ላይ አረፉ፣ ሁለተኛው ላይ አንዱን አዳለጠው፣ ልጁ "ኧረ ሽቦውን!" ይላል፣ በዛ እልልታ ማን ይስማው። ልክ ሲደርሱ ካሜራማኑ "ይቅርታ፣ መብራቱ አልመጣልኝም፣ አንዴ ብቻ አውርዳችሁ መልሱት" አለ። አወረዱት። መለሱት። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ ሁለቴም አለቀሰች፣ እንደውም ሁለተኛው በለጠ።

ከዛ መድረክ መሪው ማይኩን ሰጥቶ "ምን ተሰማህ?" አለው። ሞተሩ እንዴት ነው የሚሠራው፣ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ዝናብ ሲመጣስ ያለ አንድ ሰው የለም። ምን በወጣን፣ እኛ የመጣነው ልባችን እንዲነካ ነው።

ራልፍ ቲተር የሚባል በ5 ዓመቱ ዓይኑ የጠፋ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር። መኪና ራሷ ፍጥነቷን ጠብቃ የምትሄድበትን ክሩዝ ኮንትሮል ፈጥሮ በ1950 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያገኘው እሱ ነው፣ መነሻው የሚነዳለት ሰውዬ ወሬ ሲይዝ መኪናውን ያዝ ለቀቅ እያደረገ አናዶት ነው ይባላል (የኛን ሚኒባስ ቢሳፈርማ ስንቱን በፈጠረ!)። እኛ ጋ ቢመጣ "ጨለማው እንዴት ነው?" ብለን ጠይቀን ጋቢ አልብሰን እንሸኘው ነበር።

ቆይ ግን፣ የምሬን ነው! ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛም መግቢያ ይኑረው የሚለው አዋጅ እኮ በ2001 ዓ.ም. ነው የወጣው። ለባነሩ፣ ለአበባው፣ ለድሮኑ ብር ነበረ፣ ምድር ቤት አዳራሽ መከራየት ነው ያቃታችሁ? ሰውን እንደ ሶፋ እያወጣችሁ እያወረዳችሁ "ጀግናችን"? አታፍሩም?

እሺ፣ ተረጋጋሁ። ሰርተፍኬቱ በር የሚያህል ፍሬም አለው፣ "እንቅፋቶችን ሁሉ ብቻውን ለተወጣ" ይላል፣ ጭኑ ላይ አስቀመጡለት፣ ፊቱ አይታይም። ፎቶ ተነሳን፣ አጨበጨብን፣ ምሳ ተባለ።

ምሳው ምድር ቤት ነበር። አራቱ ጎረምሶች ቀድመው ወርደዋል።