ጉንዳን የሚቀልበው ተከራይ

ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ሻይ አፈላሁና የስኳር ቆርቆሮዬን ስከፍት ስኳሩ ይንቀሳቀሳል። እንቅልፍ ያልለቀቀኝ መስሎኝ ዓይኔን አሻሸሁ። መነጽሬን አድርጌ ባየው ግማሹ ስኳር፣ ግማሹ ጉንዳን።

ስኳሩ ደግሞ እንዲሁ የተገኘ ስኳር አይደለም። ሸማቾች ሱቅ ደጃፍ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ተገትሬ፣ "ወረፋ ይዣለሁ፤ ያ ድንጋይ የኔ ነው" ከምትል ሴትዮ ጋር ተጨቃጭቄ ያመጣሁት ነው። ጉንዳኖቹስ? ከመስኮቱ ደፍ ተነስተው፣ በግድግዳው ስንጥቅ ወርደው፣ የማቀዝቀዣውን ገመድ እንደ ድልድይ ተሻግረው እስከ ቆርቆሮው ድረስ ተሰልፈዋል። ሂያጁና ተመላሹ መሀል መንገድ ላይ ግንባር ለግንባር ይገናኛሉ፣ ሳም ሳም ይደራረጉና ይተላለፋሉ። ድንጋይ ያስቀመጠ አንድም አላየሁም።

በክረምት ጎሬያቸው ውሃ ሲሞላባቸው ደረቅ ቦታ ፍለጋ ወደ ሰው ቤት እንደሚገቡ አውቃለሁ። ተፈናቃዮች ናቸው። ለአንድ ደቂቃ ያህል አዘንኩላቸውና ቆርቆሮውን ይዤ ወደ እትዬ ሮጥኩ።

እትዬ አከራዬ ናቸው። ግቢው ውስጥ አምስት ቤት አለ፤ የእሳቸው ዋናው ቤትና አራት ሰርቪስ። መሀል ላይ ደግሞ ከአራታችን ተከራዮች አስበልጠው የሚወዷት አንዲት የሎሚ ዛፍ አለች።

"አመድ!" አሉኝ ገና ቆርቆሮውን ሲያዩ። "እናቴ ቀፎዋን ከጉንዳን የምትጠብቀው በአመድ ነበር። እግሩ ሥር ዙሪያውን መነስነስ ነው።"

ለቀፎ እውነት ነው፤ ብዙ ንብ አናቢ ዛሬም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የኔ ክፍል ግን እግር የለውም። ቢሆንም ከቡና ምድጃቸው የተረፈውን አመድ በፌስታል ሰጡኝና በሩንና መስኮቱን ነሰነስኩት። በማግስቱ አንድ ጉንዳን የለም። ደረቴን ነፍቼ "ጠፋ!" አልኩ።

የጠፋው ከግድግዳው ማዶ፣ ፀጉር ሠሪዋ ቤት ነው። እሷ በአቼቶ ወለወለችው። እዚህ ላይ ልጅቷ ልክ ናት፤ ጉንዳን መንገዱን የሚያገኘው ከፊቱ ያለፈው ጥሎለት በሄደው ሽታ ነው፣ አቼቶ ሽታውን ሲያጠፋበት ግራ ይገባዋል። ግራ ገባውና ወደ ቀኝ ዞሮ ጡረተኛው ጋሼ ቤት ገባ። ጋሼ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሹም የነበሩ ሰው ናቸው፤ ነገር በግማሽ አይወዱም። ነጭ ጋዝ አፈሰሱ። ለአንድ ሳምንት እንጀራቸው ፋኖስ ፋኖስ ሲሸት ከረመ፤ ጉንዳኑ ወደ ተማሪዎቹ ቤት ተዛወረ። ተማሪዎቹ አንድ ቆርቆሮ ፍሊት ነፍተው ራሳቸው ውጭ አደሩ። ጉንዳኑ እትዬ ጋ ገባ፣ እትዬ አመዳቸውን ነሰነሱ፣ እኔ ጋ ተመለሰ።

በዚህ ሁሉ መሀል የግቢያችን ሰላምታ አንድ ቀን አልተጓደለም።

"እንደምን አደራችሁ? ጉንዳኑስ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኛ ጋ ጠፍቷል።"

"ተመስገን ነው!"

ወዴት ጠፋ ብሎ የጠየቀ የለም። ማን እንደላከበት ግን ሁሉም ልቡ ያውቃል።

ጅማ ያደገ አንድ ወዳጄ "ይህንንም ጉንዳን ብላችሁት?" ብሎ ሳቀብኝ። እነሱ ጋ ጥቁሩ ጉንዳን በሌሊት እንደ ጎርፍ ሲመጣ ሰው ልጁንና ጫጩቱን አቅፎ ቤቱን ለቆ ይወጣል አሉ። ሲነጋ በረሮ የለ፣ አይጥ የለ፤ ባለቤት ተጠርጎ ወደተሰጠው ቤት ይመለሳል። የኛዎቹ ስኳር ከመብላት በቀር ምንም አገልግሎት የላቸውም።

እሁድ እትዬ ቡና አፈሉና ነገሩ ወደ ስብሰባ ተለወጠ። ጉንዳን አለቃና አዛዥ ሳይኖራት እንደምትሠራ ሰሎሞን አስቀድሞ ነግሮናል፤ እኛ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መረጥን። ጋሼ ሦስቱንም ያዙ። የሎሚዋም ጉዳይ ተነሳ። ቅጠሏ ተጠቅልሏል፣ ሙጫ ሙጫ ይላል፣ ጉንዳን ይርመሰመስባታል፤ ስለዚህ ጥፋተኛው ጉንዳን ነው ተባለ። እጄን አውጥቼ ጉንዳን ቅጠሏን እንደማይበላ፣ ጭማቂዋን የሚመጥጡት ግብርና የተማሩ ሰዎች ክሽክሽ የሚሏቸው ደቃቅ ተባዮች እንደሆኑ፣ ጉንዳኑ እነሱን እየዳበሰ ጣፋጭ ፈሳሻቸውን እንደሚያልብ፣ ከሌላ አውሬም እንደሚጠብቃቸው፣ ባጭሩ ከብት አርቢ እንደሆነ አስረዳሁ። ጋሼ "ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ አይገባም" አሉ።

በየቤቱ 100 ብር ተዋጣ። ጋሼ በድምፅ ማጉያ "የአይጥ! የበረሮ! የትኋን!" እያለ የሚዞረውን ልጅ አስቁመው "ጉንዳንስ ይገድላል?" ቢሉት፣ "አባቴ፣ አንበሳ ይገድላል!" አላቸው። ተገዛ፣ ተነሰነሰ። ያየነው ጉንዳን ሁሉ ሞተ፤ በማግስቱ ያላየነው መጣ። የሚመላለሱት እኮ ሠራተኞቹ ናቸው፤ ወላጂቱ ንግሥት ከመሬት በታች ተቀምጣ እንቁላሏን ትጥላለች። አውሮፓ ውስጥ አንዲት የጥቁር ጉንዳን ንግሥት ሰው እየተንከባከባት 28 ዓመት ኖራለች። ያውም ኪራይ ሳትከፍል።

በመጨረሻ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለችው እህቴ ደወልኩ። ሰው ሲመጣ ካልሲ ውስጥ ጠቅልላ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ላከችልኝ። ቦራክስ ከሚባለው የማጽጃ ዱቄት ጥቂት ያለበት የስኳር ውሃ ነው። "ካርቶን ላይ ጠብ አድርግላቸው" አለችኝ፣ "መጀመሪያ በብዛት ይመጣሉ። አደራህን፣ እንዳትነካቸው። ጠጥተው ይሂዱ።"

ምስጢሩ ሆዳቸው ላይ ነው። ጉንዳን ሁለት ሆድ አለው፤ አንዱ የራሱ፣ አንዱ የዘመዶቹ። በሁለተኛው የያዘውን አፍ ለአፍ እያጎረሰ ለቤተሰቡ ሁሉ ያዳርሳል፣ ንግሥቲቱ ድረስ። መርዙ ቀስ ብሎ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ ጉርሻው እስኪዳረስ ይጠብቃል። እኛ ግቢ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ሰው አያልፍም ነበር።

ሦስት ጠብታ አኖርኩ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጠብታዎቹ ዙሪያቸውን ጥቁር ዶቃ የተደረደረባቸው መሰሉ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይጠጣል፣ ሆዱ ተወጥሮ ብርሃን ያሳልፋል፣ የጠገበው ቦታውን ለቆ ሌላው ይገባል። በጉልበቴና በክርኔ ተደፍቼ እያየኋቸው ሳለ በሩ ተከፈተ። እትዬ ናቸው፤ ወለሉን አይተው የበሩን መጥረጊያ አነሱ።

"እትዬ፣ ተዉአቸው! እየጠጡ ነው!"

መጥረጊያውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ሐዘን ነበር። አማተቡና ወጡ።

ቡና ሳይፈላ ግቢው ሁሉ ሰማ። ፀጉር ሠሪዋ ደንበኛዋን እንደተጠቀለለች ይዛት መጥታ በመስኮት አሳየቻት። ጋሼ ደጃፌ ላይ ቆመው "አምስት መቶ ብር አዋጥተን የምናስገድለውን አንተ ትቀልባለህ?" አሉኝ። በዚያ ላይ የግቢው ጉንዳን ሁሉ ግብዣውን ሰምቶ እኔ ጋ ከተተ። አራቱ ቤቶች ነጹ። ያመሰገነኝ የለም።

በሦስተኛው ቀን ሰልፉ ሳሳ። ሳምንት ሳይሞላ ካርቶኑ ላይ የቀረው የደረቀ ጠብታ ብቻ ነበር።

በቀጣዩ እሁድ ጋሼ ሪፖርት አቀረቡ። በኮሚቴው ብርቱ ክትትልና በተገዛው መድኃኒት ጉንዳኑ ከግቢው ጨርሶ ተወግዷል፤ አንድ አባል ግን በዘመቻው ወቅት ጠላትን ሲመግብ ተገኝቷል። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ማታ በሬ ቀስ ብሎ ተንኳኳ። እትዬ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ቆመዋል።

"ልጄ" አሉኝ በሹክሹክታ፣ የጋሼን መስኮት ገልመጥ እያሉ፣ "ከዚያ ከምታጠጣቸው ነገር... ለሎሚዬ አንድ ሁለት ጠብታ ተርፎሃል?"

ከነጠላቸው ሥር እጃቸውን አወጡ። አንድ ብርጭቆ ሙሉ ስኳር ይዘዋል።