ጥምቀት በየዓመቱ አይደገምም

ወንድሜ፣ «ጥር 11 ቀን ጎንደር፣ ፋሲለደስ መጠመቂያ የገባ ሰው እንደገና ይጠመቃል፤ የዓመቱ ኃጢአቱም ይሰረይለታል» ብለህ ጽፈሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ትክክል ግን አይደለም። በጸሎተ ሃይማኖት ዘወትር የምንመሰክረው ኃጢአት በሚሰረይባት በአንዲት ጥምቀት እንደምናምን ነው። እርሷም ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስንነሣ ተፈጽማለች።

ጥር 11 ጌታ በዮርዳኖስ መጠመቁን የምናስብበት በዓል ነው። ከቀሃ ወንዝ ተስቦ የገባው ውኃ ተባርኮ ሲረጭ፣ ወጣቶቹ ከድንጋዩ ጠርዝ ሲዘልሉ፣ እናቶች ከኋላ ሆነው በጠርሙስ እንዲቀዳላቸው ሲለምኑ ማየት ልብ ያሞቃል። በረከት ነው፤ ማንም አይቅርበት!

ከክርስትና በኋላ ለተሠራ ኃጢአት ግን መንገዱ ንስሐ ነው፦ ለንስሐ አባት መናዘዝ፣ እርሱ የሚሰጠውን ቀኖና (እንደ ጾም፣ ስግደት ያለውን የንስሐ ሥራ) መፈጸም፣ ሥጋ ወደሙን መቀበል። የሰው ገንዘብ የወሰደም ይመልሳል። የቀራጮች አለቃ የነበረው ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ዕለት የገባው ቃል ግማሽ ሀብቱን ለድሆች ሊሰጥ፣ ያታለለውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ነበር (ሉቃስ 19፥8)። ከወንድሙ ጋር እንደተኳረፈ ውኃው ውስጥ ገብቶ «ነጻሁ» ብሎ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው በእውነት ያሳዝነኛል። የንስሐ አባት ከሌለህ ከአጥቢያህ ካህናት አንዱን ቀርበህ አነጋግር፤ ጥርን መጠበቅ አያስፈልግህም።