የትኛውን ስኳር ነው የምናወራው?

ካንሰርና ስኳር አብረው ከተነሱ ወሬው ወዲያው ወደ ሳህን ይዞራል። «ስኳር ካንሰርን ይመግባል» ይባላል፣ አለቀ። የትልቁ አንጀት ካንሰር ከሆነ ግን እኔ ሌላ ስኳር ይወራ ባይ ነኝ። ይሄኛው አይበላም፣ አይጠጣም። ሴሉ ራሱ ሠርቶ የሚደርበው ነው።

እያንዳንዱ ሴል ላዩ ላይ የስኳር ሰንሰለቶች ካባ አለው። ሰንሰለቶቹ ከፕሮቲንና ከስብ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ሴሎች የሚተዋወቁትም በእነሱ ነው። ጤነኛው የአንጀት ሴል ሰንሰለቱን በወጉ ይጨርሳል። ካንሰሩ ግን ብዙ ጊዜ ጅምር ይተወዋል። (መቼ ነው ደግሞ ወግ አክብሮ የሚያውቀው?)

ከጅምሮቹ አንዱ ሲያሊል ሊዊስ ኤ ይባላል። ጤነኛው ሴል እዚህ ላይ ሲያሊክ አሲድ የሚባለውን የስኳር ዓይነት ሁለት አድርጎ ይሰካል፤ ካንሰሩ አንዱን ይዘላል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ መዘዟ ግን ከባድ ነው። የደም ሥር ግድግዳ ሲቆጣ ነጭ የደም ሴሎችን ይዞ የሚያስቆምበት ኢ-ሴሌክቲን የተባለ መያዣ ያወጣል። ይህቺ ጅምር ሰንሰለት ለመያዣው ልክ ትሆናለች። በደም ሲንሳፈፍ የነበረው የካንሰር ሴል እዚያው ይጣበቃል፣ ግድግዳውን ሾልኮ ያልፋል፣ ሄዶ ሌላ አካል ላይ ጎጆ ይቀልሳል። የአንጀት ካንሰር አብዝቶ የሚሄደው ደግሞ ወደ ጉበት ነው።

ዕጢው ሲያድግም የእነዚህ ስኳሮች እጅ አለበት። ኤምጋት5 የተባለው ኢንዛይም ሰንሰለቶቹን ቅርንጫፍ ሲያበዛባቸው፣ «እደግ» የሚለውን መልእክት የሚቀበሉት ፕሮቲኖች ከሴሉ ላይ ቶሎ አይነሱም። ሴሉም ትእዛዙን ሲሰማ ይውላል። ሲያሊክ አሲድ ሲበዛበት ደግሞ የመከላከያ ሴሎች ሲግሌክ በሚባለው መቀበያቸው ይነኩትና «ይሄማ የእኛው ነው» ብለው ያልፉታል።

ጂን ጂን ስንል ስኳሩን ችላ ያልነው ይመስለኛል። ለነገሩ አስቸጋሪ ነው፤ የሰንሰለቱ ቅርጽ እንደ ፕሮቲን በቀጥታ ከጂን አይነበብም። እ.ኤ.አ. በ2022 የኬሚስትሪ ኖቤል ከተጋሩት አንዷ ካሮሊን ቤርቶዚ ለሽልማቱ ያበቃትን ዘዴ የሠራችው እነዚህን ስኳሮች በሕያው ሴል ላይ ለማየት ነበር።

ብዙ ታካሚ ሳያውቀው ይህንኑ ስኳር ያስመረምራል። ሲኤ 19-9 የሚባለው የደም ምርመራ ሲያሊል ሊዊስ ኤን ነው የሚለካው። መነሻውም እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ፣ በአንጀት ካንሰር ሴሎች ላይ የተሠራ ጥናት ነው። ነገር ግን ከ100 ሰው ከ5 እስከ 10 የሚሆነው በተፈጥሮው ይህን ስኳር መሥራት አይችልም። ዕጢው ቢያድግም ቁጥሩ ዝቅ እንዳለ ይቀራል። ውጤቱ ወረቀት ላይ ይህቺ አንድ መስመር ብትጻፍ ምን ይጎዳል?