የሰፊው ክፍል ቁልፍ

ባለፈው ግንቦት ድሬዳዋ፣ ሰቢያን አካባቢ ሰርግ ተጠርተን ነበር። አብሮኝ የመጣው ወዳጄ ዊልቸር ተጠቃሚ ነው። ምሳ ከመቅረቡ በፊት ወደ መጸዳጃ ቤት ሄድን። የዊልቸር ምልክት ያለበት ክፍል ተቆልፏል፤ ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። ሚዜዎች ቀሚስ እየቀየሩ ነው። ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ሲወጡ «ውይ በሞትኩት፣ አላወቅንም እኮ!» አሉ። እውነታቸውን ነው። ውስጡ ግን ወለሉ ረጥቧል፤ ጥግ ላይ መወልወያና ሁለት ጀሪካን ስለቆሙ ዊልቸሩን ማዞር አልተቻለም።

በኋላ እንደነገረኝ፣ ሰርግ ካለበት ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አይጠጣም። በግንቦት፣ ድሬ ላይ!

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624፣ ከመጸዳጃ ክፍሎች በቂ ያህሉ ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዝዟል። በአዲሶቹ ሕንጻዎች ክፍሉ ሲሠራ እያየን ነው። ከተሠራ በኋላ ያለው የእኛ ነገር ነው።

ጠረጴዛችን ላይ አንዱ «ጤነኛ ሰው ጭራሽ መግባት የለበትም» አለ። አልተስማማሁም። ሌሎቹ ክፍሎች ቁጢጥ የሚባልባቸው ሲሆኑ፣ መቀመጫ ያለው ብዙ ጊዜ እሱ ብቻ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት፣ እርጉዝ፣ ሆዱ ላይ የሰገራ ከረጢት የተገጠመለት ሰው ሁሉ ይፈልጉታል፤ የአንዳንዱ ችግር በመልክ አይታወቅም። በእግሩ የሚወጣውን ሰው «አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ማፍጠጥ ነውር ነው። ሌላው ተይዞ እሱ ባዶ ከሆነ ጤነኛም ገብቶ ቶሎ ይውጣ። ስልክ ይዞ መቀመጥ ግን አይሆንም አቦ! ዊልቸር ወይም ክራንች የያዘ ከመጣ ደግሞ ሰልፍ አይጠብቅም፤ እሱ ሌላ የሚገባበት የለውማ። ወዳጄም «ባዶውን ከሚቆለፍ ሰው ቢጠቀምበት ይሻለኛል» ባይ ነው።

ይበልጥ የሚያስቸግረው ውሃው ነው። ክፍሉ ሰፊ፣ ቧንቧውም ቅርብ ስለሆነ ለሶላት ውዱ የሚያደርገውም፣ እግሩን የሚታጠበውም እዚያው ይገባል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ክራንች እርጥብ ሴራሚክ ላይ ሲንሸራተት ያየ ሰው ግን ወለሉን ሳያደርቅ አይወጣም። ግድግዳው ላይ ያለው ብረት ላይ ጃኬቱን የሚሰቅልም አለ። ወዳጄ ከዊልቸሩ ወደ መቀመጫው የሚሻገረው ያንን ብረት ጨብጦ ነው።

የጽዳት ሠራተኛዋን ስለ ጀሪካኖቹ ስጠይቃት «ታዲያ የት ላስቀምጣቸው? ውሃ ሲጠፋ የምንሠራው በነሱ ነው» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ሕንጻው ሲሠራ ለባልዲና ለመወልወያ ቦታ ያሰበ የለም። ከወር በኋላ ለሌላ ሰርግ ስንመለስ ጀሪካኖቹ ከደረጃው ሥር ገብተዋል። በሩ ግን ተቆልፏል። ቁልፉ ሥራ አስኪያጁ ጋ ነው አሉን፤ እሱ ደግሞ በርጫ ላይ ነበር።