ብርሃኑን ወደ ፊቴ አድርግልኝ

ጧፍ አንድ ችግር ነበረበት። ፊትን በደንብ አያሳይም። ግማሹ ጉንጭ ጥላ ይሆናል፣ አፍንጫም ይረዝማል። አባቶቻችን ይህን ሁሉ ዘመን ችለው ኖሩ። እግዜር ይስጠው፣ የእኛ ዘመን ሰው መላ አገኘለት፦ አንዱ ጧፍ ይይዛል፣ ሁለተኛው ይቀርጻል፣ ሦስተኛው ከጎን ሆኖ በስልክ ባትሪ ያበራል።

የትንሣኤን ሌሊት ጎጃም ውስጥ ያሳለፈ ሰው የምለው ይገባዋል። ደብሩን አልጠራም፤ የትም ብትሄዱ ያው ነው። ካህናቱ “ትንሣኤከ ለእለ አመነ፣ ብርሃነከ ፈኑ ዲቤነ” እያሉ ነው። ትንሣኤህን ላመንን ለእኛ ብርሃንህን ላክልን ማለታቸው ነው። ከፊቴ የቆመው ጎረምሳ ግን እስኪላክለት አልጠበቀም። ፍላሹን ለቀቀው።

ይህን ጎረምሳ ሳላመሰግን ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቷል። ጧፉን ለኮሰ። ጓደኛው ስልኩን አነሳና “ዓይንህን ጨፍን፣ የምትጸልይ ምሰል” አለው። መሰለ። “አይ፣ በጣም ጨፈንከው፣ የተኛህ ነው የምትመስለው።” ገለጥ አደረገው። “አሁን ወደ ላይ እይ።” አየ። ምን አይቶ ይሆን ብዬ እኔም አብሬ አንጋጠጥኩ። ጣሪያ ነው። “እንባ ቢኖር አሪፍ ነበር” አለ ጓደኛው። እዚህ ላይ ጎረምሳው ትንሽ ተቸገረ። ጧፉን ወደ ዓይኑ አስጠጋው፤ ጭሱ ረዳው። ተጋድሎ ማለት እንዲህ ነው! እንባው ወረደ፣ ስልኩ ግን ልክ በዚያች ሰዓት ሞላ። ፎቶ ማጥፋት ተጀመረ። የጥምቀቱ ይጥፋ፤ አይ፣ እሱስ ያምራል፤ በል የእህትህ ሠርግ ይጥፋ። እስከዚያው ሰም በከንቱ እንዳያልቅ ጧፉ እፍ ተባለ። ቦታ ሲገኝ ደግሞ ተለኮሰ። ካህኑ “ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን” ሲሉ ሕዝቡ “በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን” እያለ ይመልሳል። የእኛ ሰው ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ ድምፁ በኋላ ከመዝሙር ይገባበታል። ቪዲዮው ሲያልቅ ጧፉ እንደገና እፍ ተባለና ኪስ ገባ። ለዳግማይ ትንሣኤ ይሆናል።

አጠገቡ አንዲት እናት ቆመዋል። “እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ ጥላዎ እየወደቀብኝ ነው” አላቸው። “እሺ የኔ ልጅ” አሉት። ፈቀቅ ሲሉ ባለ ባትሪው በክርኑ ገፋቸው፤ ጧፋቸው ጠፋ።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅርብኝ። እኚህ ሴት አክፍሎት ላይ ናቸው። ከዓርብ ጀምሮ እህል ውኃ በአፋቸው አልዞረም፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ጧፉንም ከሱቅ አልገዙትም። ፈትሉን ሰም ውስጥ ነክረው በመዳፋቸው ያሹት ነው፤ ውፍረቱ እኩል አይደለም፣ ሰሙም ጥፍራቸው ሥር አለ። ለዚች ሌሊት ብለው ነው የደከሙት። አንተ ማነህና ታጠፋባቸዋለህ? ቤተ መቅደሱ የማን ስቱዲዮ መሰለህ? ማፈሪያ!

እሺ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

የጥንቶቹ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ሙሴ ከሲና ሲወርድ ፊቱ ያበራ ነበር። ዘጸአት ምዕራፍ 34 እንደሚለው ግን ፊቱ ማብራቱን ራሱ አላወቀም። አስቡት እስቲ! ሕዝቡም ፈርቶ ራቀ እንጂ አንድ ላይክ የሰጠው የለም። በኋላማ ጭራሽ በመሸፈኛ ሸፈነው። ያን የመሰለ ፊት!

የደብረ ታቦሩ ይብሳል። በቡሄ ችቦ የምናበራው፣ ልጆቹም ጅራፍ እያጮሁ ሙልሙል የሚለቅሙት ለዚያ ብርሃን ነው፤ ነሐሴ 13 በዓሉ ነው። ጴጥሮስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ የጌታን ፊት እንደ ፀሐይ ሲያበራ አዩ። ከተራራው ሲወርዱ ምን ተባሉ? ከሙታን እስኪነሣ ድረስ ለማንም እንዳትናገሩ። ሦስት ምስክር፣ ዜሮ ፖስት። የእኛዎቹ ቢሆኑ ገና ዳገቱ ሳያልቅ ላይቭ ይገቡ ነበር። የጴጥሮስንም “ሦስት ዳስ እንሥራ” ማለት፣ ቦታው ለፎቶ እንደሚመች ገብቶት ነው ብሎ የሚተነትን አይጠፋም።

ጥቅስ የሚጠቅስልኝም አለ። “መብራት ከዕንቅብ በታች አይኖርም፣ ብርሃናችሁ በሰው ፊት ይብራ ተብሎ የለም?” ይለኛል። ተብሏል፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 5። ቃሉ ግን እዚያ አያበቃም። መልካሙን ሥራችሁን አይተው በሰማያት ያለውን አባታችሁን እንዲያከብሩ ይላል። እሷን ቁራጭ ካፕሽኑ አልበቃትም መሰለኝ።

ቁመቱን የሚያህል ሻማ ይዞ፣ ስሙን ሪባን ላይ አስጽፎ ስለት የሚያስገባ ባለጸጋም አይረሳ። እግዜር ስም እንዳይምታታበት ተጨንቆ ነው።

ደግሞ ጎጃም ዋሸራና ጎንጅ የሚባሉት የቅኔ ትምህርት ቤቶች ያሉበት የቅኔ አገር ነው። የቆሎ ተማሪው ጎጆው ውስጥ በጨለማ ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር፣ ብርሃኑን ከውስጥ ነበር የሚጠብቀው። ምን አለፋው? ቀለበት የመሰለችውን መብራት ገዝቶ አይገላገልም?

ከሁሉ የማደንቃቸው ግን አንዳንድ አከራዮችን ነው። በሁለት እጃቸው ጧፍ ይዘው የተነሱትን ፎቶ ይለጥፋሉ። ከሥሩ “እኔ የዓለም ብርሃን ነኝ፣ ዮሐንስ 8፥12” ይላል። ተናጋሪው ማን እንደሆነ ከፎቶው ለመለየት ያስቸግራል። ግቢያቸው ውስጥ ግን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የተከራይ አምፖል አይበራም። ቆጣሪው የእሳቸው ነዋ! መጀመሪያ “አሜን” ብሎ የሚጽፍላቸውም ተከራዩ ነው። ምን ያድርግ፣ ኪራይ እንዳይጨመርበት ነው። ልጁ ለሚኒስትሪ የሚያጠናው በዚያው ስልክ ባትሪ ነው። አባትየው አሜኑን ጽፎ እስኪጨርስ ደብተሩን ይዞ ይጠብቃል።